ሳይጠየቅ የተቆጠረ እጅ

ባለፈው ሐሙስ ተስፋዬ ኮል አደረገልኝ። ተስፋዬ ዛሬ ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው ዌስተርቪል ውስጥ ባለ ሁለት ጋራዥ ቤት አለው፣ ሣሩን በየቅዳሜው ያጭዳል፣ ጡረታው ደርሷል። እኔ ግን እስካሁን የሚታየኝ ዌርሃውስ ሠርቶ አድሮ፣ ጠዋት ዓይኑን እያሸ ከሱቄ የስልክ ካርድ የሚገዛው ቀጭኑ ተስፋዬ ነው። ያኔ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። ዛሬም ነው፤ ሥራውን የሚቀበለው ሰው ስላልተገኘ አብሮት አረጀ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለእድሩ ምሥረታ በዓል መጽሔት እያዘጋጀን ነው፤ ስምህ አለበት» አለኝ።

«ደግ ነው። ምን ይላል?»

ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበልኝ። «"አቶ ሰይድ በዕለቱ በድንገተኛ ሕመም ምክንያት በታሪካዊው ስብሰባ ላይ ባይገኙም..."»

«ማነው የታመመው?»

«አንተ።»

«ምኔን?»

«ጨጓራህን ብለን ነበር። ካልተስማማህ ወገብህን ማድረግ እንችላለን።»

እስከ ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ እሺ እንድለው ለመነኝ። ቀሪ ሰው ምክንያቱ ካልተጻፈ ለልጅ ልጅ ነውር ሆኖ ይቆያል አለኝ። የእድር ወጉን አውቃለሁ፤ የቀረ ሰው ወይ ለቅሶ ነበረበት፣ ወይ ሚስቱ ወልዳ ነበር፣ ወይ ታሞ ነበር። አራተኛ ዓይነት የለም። ላስብበት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አስቤበታለሁም። ያሰብኩት ይኸው ነው።

ኮሎምበስ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ አበሻ ሁሉ ያንን ስብሰባ ያውቃል፤ ያኔ ገና አሜሪካ ያልገባው ጭምር እንዳየ ሆኖ ይተርካል። በኔ ላይ ሦስት ወሬ አለ። አንደኛው፣ የኮሚቴው ሰዎች ጥሬ ሥጋ አብልተው አስተኙት ይላል። ሁለተኛው፣ አውቶቡስ ላይ ጭነው ቺካጎ ላኩት ይላል፤ መኪናዬ ደጄ ላይ ቆማ እያለች። ሦስተኛው፣ ሲንሲናቲ አንድ ሱቅ ሊዘጋ ነውና ፍሪጅ በነፃ ይሰጣል ቢሉት በረረ ይላል፤ ይሄንን የፈጠረው ሰው ቢያንስ ያውቀኛል። አሁን ደግሞ ጨጓራ ተጨመረልኝ። አራቱም አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ ሰይድ በራሱ እግር አልቀረም፣ አንድ ነገር አስቀርቶታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ክፉ ሠራህ ቢለኝ እከራከረዋለሁ፤ አንተ አልሠራኸውም ሲለኝ ግን ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ያን ጊዜ ሰፈራችን ኖርዝላንድ እንዲህ አልነበረችም። ትልቁ ሞል አልተዘጋም ነበር፤ እሑድ እሑድ ፈረንጁ ቤተሰቡን ይዞ ፏፏቴው ዳር አይስክሬም ይልሳል፣ እኛ ደግሞ ለሙቀቱ ስንል ምንም ሳንገዛ ከጫፍ ጫፍ እንመላለሳለን። ነዳጅ ጋሎኑ ዶላር አይሞላም። ጤፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሴቶቹ በፓንኬክ ዱቄት እንጀራ የሚመስል ነገር ያወጡና አንተ ዝም ብለህ ትበላለህ። ሌዘር ጃኬት የለበሰ አበሻ ካየህ ዲቪ ከደረሰው ዓመት አልፎታል ማለት ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጥቁር ካፖርት ካየህ ደግሞ ታክሲ ነጂ ሆኗል። ሱቄ ሞርስ ሮድ ላይ፣ በጎማ ቤትና በልብስ ማጠቢያ መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነበረች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የፀጉር ቅባት፣ ካሴት እሸጣለሁ። የሶላት ምንጣፉን አንድ ግድግዳ ላይ፣ የማርያምን ሥዕል ፊት ለፊቱ እሰቅላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ፣ በኛ ቤት ሁለቱም ተከባብረው ይኖራሉ። አዲስ ካሴት የመጣ ሳምንት ከኔ በር ላይ ባለ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ዜማ ጎማ ቤቱ ድረስ ይሰማል፤ የጎማ ቤቱ ሜክሲኳዊ ግጥሙን ሳያውቅ ያንጎራጉር ነበር። እንጀራዬ ግን የስልክ ካርድ ነበር። ካርዱ ፊቱ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ይላል፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አርባ ትላለች፣ እናትህ «ማነው?» ስትል ሃያ ይቀርሃል። ሰዉ ከኔ ጋር ይጣላል፣ ነገ ተመልሶ ይገዛል።

እድሩ የተመሠረተው ያኔ ነው። መሥራቹ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ሆቴል ውስጥ የአንሶላ አጣቢዎች አለቃ፣ አጭር፣ ድምፃቸው የማይወጣ፣ ያሉትን የማይመልሱ ሴት። ደንቡን ሲያወጡ አንድ ነገር አስገቡበት፦ አባል የሚሆን ሰው ቀኝ እጁን አንስቶ «እድሩ ውስጥ ፖለቲካ አላስገባም» ብሎ ይምላል፣ ይፈርማል። እዚህ ላይ መኮንን ተነሳ። መኮንን ጓደኛዬ ነበር፤ ባለ ረጅም ካፖርት ታክሲ ነጂ፣ ሲናገር ሰው ሹካ የሚያስቀምጥለት። «አበሻ ሆኖ ፖለቲካ የሌለው ሰው ካለ አሳዩኝና እኔ እቀብረዋለሁ!» ብሎ ወጣ። ግማሹ ሰው ተከትሎት ወጣ። እኔም ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው የሚደረግበት የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ እነሱ ይሰበሰባሉ፣ እኛ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ሞተር አስነስተን፣ ማሞቂያ ለቅቀን፣ በመስኮት እየተጯጯህን እንሰበሰባለን። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ከረምን። እትዬ አስካለም ውስጥ የቀሩትን ይዘው ተመረጡ። ግማሽ የማይሞላ ሰው የመረጠው ኮሚቴ ነበር፤ የኖረው እኛ በራችንን ቆልፈን መኪና ውስጥ ስለተቀመጥን ነው።

ከዚያ አንድ ልጅ ሀይዌይ ላይ በመኪና አደጋ ሞተብን። ልጁ አልፈረመም ነበር። ለቅሶው ላይ የሆነውን አልዘረዝርም፤ ኮሚቴው ከዚያ በኋላ «ያልፈረመ በእድሩ አይቀበርም» ብሎ ወሰነ። በሚቀጥለው እሑድ መኮንን ከመኪናው ወርዶ ገባና እየሳቀ ፈረመ። «ወረቀት ነው፤ የማልኩት ነገር የለም» አለ። ሁላችንም ተከትለን «ወረቀት ነው» እያልን ፈረምን። እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዳራሹን ሲያዩ ወንበሩ ሞልቷል፤ የሳቸው ሰው ግን አልጨመረም።

ጠቡ የመጣው በመቃብር ነው። እትዬ አስካለ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የመቃብር ቦታ ላይ ለእድሩ መሬት ሊገዙ ጨርሰው ነበር፤ ግማሹን ለክርስቲያኑ፣ ግማሹን ለኛ ለሙስሊሞቹ። መኮንን ይሄን ሲሰማ አበደ። «እዚህ መሬት የገዛ ሰው አገሩ አይገባም! እኛ በሚመጣው ዓመት ነው የምንገባው!» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ያኔ ሻንጣዬ ተሸክፎ አልጋዬ ሥር ነበር። የሚቀጥለው እሑድ ኮሚቴው እምነት አጥቶ ይውረድ ወይስ ይቆይ በሚለው ድምፅ ይሰጥበት ተባለ። ቁጥሩን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ለመኮንን ሃያ አንድ ቤተሰብ፣ ለእትዬ አስካለ ሃያ። ድምፅ እኩል ከሆነ መድረክ መሪው ይቆርጠዋል፤ መድረክ መሪው ተስፋዬ ነበር፣ እሱ ካልተቸገረ ድምፅ አይሰጥም።

ቡናማ ሱፌን ለብሼ በሰዓቱ ደረስኩ። ይሄን የሚያውቅ የለም። ደረጃውን ወርጄ በሩ ጋ ስደርስ፣ መኮንን ለሰዎቹ ቀጣዩን ኮሚቴ ያከፋፍላል። አንዱን ገንዘብ ያዥ አለው፣ አንዱን ምክትል። አንድ ሰው «ሰይድ እኮ አልመጣም፣ ከኛ ጋር ነው ወይ?» ሲል ሰማሁ።

መኮንን ሳቀ። «ሰይድን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? ሰይድን ቆጥሬ ከኪሴ አስገብቼዋለሁ።»

ሌላው «መሬቱ ለእስላሞቹም እኮ ነው፣ ቢያመነታስ?» አለ።

«የት ይሄዳል?» አለ መኮንን።

የምሄድበት ነበረኝ። ደረጃውን ወጣሁና ሄጄ ሱቄን ከፈትኩ።

እሑድ ከሰዓት፣ አበሻ በሙሉ ስብሰባ ላይ። ደንበኛ የሚባል የለም። የገባው ሚስተር ዶኔሊ ብቻ ነበር፤ የሕንፃው ባለቤት፣ የደብሊን ልጅ። ዋናዋ፣ የአየርላንዷ ደብሊን፤ እዚህ ከጎናችን ያለችውን የኦሃዮዋን ደብሊን እሱ «የጎልፍ ሜዳ» ነበር የሚላት። ሰባ ዓመት አልፎትም ለቧንቧ ሠራተኛ መክፈል ስለሚያመው እሑድ እሑድ መፍቻውን ይዞ ይመጣና፣ የሚያንጠባጥበውን አጥብቆ፣ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ከኔ ጋር ይጠጣል። ሱፌን አየና «ማን ሞተ?» አለኝ።

ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ ያኔ ለዕቃ መሸጫ ያህል ነበር፤ ግን ነገርኩት። መኪና ውስጥ የተቀመጥንበት ክረምት ጋ ስደርስ መፍቻውን አስቀመጠ። «ወረቀት ነው» ብለን የፈረምንበት ጋ ስደርስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ልቀየም ተቃርቤ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ይሄማ የኛ ነው!» አለኝ። «ከየት ሰረቃችሁት?»

እንዲህ ብሎ ነገረኝ። አየርላንድ ከእንግሊዝ ከተላቀቀች ብዙም ሳይቆይ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል፣ አንድ ፓርላማ ተመረጠ። መንግሥት የሆነው ፓርቲ ከግማሽ በታች ነበር ያለው። የቆመው ትልቁ ተቃዋሚ ስላልገባ ነው፤ ለመግባት ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ነኝ ብሎ መማል ነበረበትና ሰዎቹ እንቢ ብለው ደጅ ቀሩ። ከዚያ አንድ ሚኒስትር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ተገደለ። መንግሥት ደነገጠ፣ ያልማለ አይመረጥም የሚል ሕግ አመጣ። ተቃዋሚዎቹ ገቡ። መሪያቸው መጽሐፍ ቅዱሱን ገፋ አድርጎ፣ ስሙን ጻፈና ባዶ ሥርዓት ነው እንጂ አልማልኩም አለ። በጥቂት ቀን ውስጥ መንግሥቱ ይውረድ ተብሎ ድምፅ ተጠራ። ተቆጠረ፤ ይወድቃል። ባንድ ድምፅ።

«እና ወደቀ?» አልኩት።

«አልወደቀም። አንድ ሰው ጠፋ።»

ሻይዬን አስቀመጥኩ።

«ከምዕራብ በኩል ካለች ከተማ የመጣ ሰው ነው። ከትንሽ ፓርቲ። ነጋዴ ነበር፣ እንዳንተ። ጠዋት አይተውታል፣ ድምፅ ሲሰጥ ወንበሩ ባዶ ነው። እኩል ሆነ፣ አፈ ጉባኤው ለመንግሥት ሰጠ። አባቴ ትራም ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር፣ ከደጅ ቆሞ ውጤቱን ሲጠብቅ ነበር። የመጠጥ ቤቱ ሰው ሁሉ አጠጥተው ባቡር ላይ ጫኑት አለ። ሰውየው ግን ማንም አልወሰደኝም፣ በራሴ ሄድኩ ይል ነበር።»

«ማን አመነው?»

«አባቴማ እስኪሞት የሰውየው ስም ሲነሳ ይተፋ ነበር።»

ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ያኔ ማን እንደሚደውል ቁጥሩ አይታይም፤ ግን አወቅሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። እንደገና ጀመረ።

«አንሳው» አለኝ ዶኔሊ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ስማኝ፣ ሰዎችህ አንተንም እንደዚያው ያደርጉሃል። አባቴን አውቀዋለሁ። አዳራሹ ስንት ደቂቃ ነው?»

«አሥር።»

«እንግዲያው ይደርሳል። ሂድ፣ የፈለግከውን ድምፅ ስጥ፣ ተመለስ።»

ስልኩ እየጮኸ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «የፓርቲው ሰዎች ሰውየውን ጠይቀውት ነበር?»

«ምን ብለው?»

«ከኛ ጋር ነህ ወይ ብለው።»

«ምን ይጠየቃል? ፓርቲው ወስኗል።»

«አልጠየቁትም ማለት ነው። ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?»

«ፓርላማው ወዲያው ፈረሰ። ሁለት ወር የሞላው ቢባል ነው። ሰውየው በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሩን አጣ። አንድ ሀብታም ግን ለቀልድ የውድድር ፈረስ በስሙ ጠራለት። ፈረሱ አሸነፈ።»

«ሱቁስ?»

«የምን ሱቅ?»

«የሰውየው። ተዘጋ?»

ግራ ገባው። «ለምን ይዘጋል? የከተማው ሰው ዕቃ መግዛት ይተዋል እንዴ?»

«እንግዲያው ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። አላነሳሁትም። እጆቼን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ አየኋቸው፤ ሁለቱም እዚያው ነበሩ፣ ማንም ኪሱ አላስገባቸውም።

ሃያ ለሃያ ሆነ። ተስፋዬ ላቡ እየወረደ ለእትዬ አስካለ ሰጠ። የሳቸውም ኮሚቴ ብዙ አልቆየም፤ ቅጠሉ ሳይረግፍ ሌላ ምርጫ ተጠርቶ መኮንን ተመረጠ። እትዬ አስካለ ግን በነዚያ ጥቂት ሳምንታት መሬቱን ፈርመው ነበር። ብዙ ሰው «ምን አላት፣ ስንት ቀን ቆየች?» ይላል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዲት ስንዝር መሬት ሳይፈርሙ የወረዱ ሊቀ መንበሮችን አውቃለሁ፤ ስማቸውን ለመጽሔቱ እተወዋለሁ።

ለኔ ክፉ ዓመት ነበር። አበሻ በሱቄ በር እያለፈ ከሶማሌው ሱቅ ይገዛ ጀመር። ሚስቴ ሰርግ ላይ ብቻዋን አንድ ጠረጴዛ ተሰጣት፤ «ሰፊ ቦታ ሰጡኝ» ብላ መጥታ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ጸሐፊው ተስፋዬ ያኔም መጥቶ «ጋሼ፣ ለቅሶ ነበረብኝ በልና ልጻፍልህ» አለኝ። እንቢ አልኩት። በሕይወት ያለ ዘመዴን በወረቀት አልገድልም አልኩት። እትዬ አስካለ አንድ ቀን ብቻ መጡ። ሽሮ ገዙ፣ መልስ ተቀበሉ። አመሰግናለሁ አላሉኝም፣ እኔም ምንም አላልኩም፤ ለሳቸው ብዬ አልነበረም የቀረሁት፣ እሳቸውም ያውቁታል። ለዚህ ነው የማከብራቸው።

መኮንን ሁለት ዓመት ቆይቶ መጣ። ካፖርቱ አርጅቷል። ከባንኮኒው ፊት ቆሞ ካሴቶቹን ሲያይ ቆየና «ለምን ቀረህ?» አለኝ።

«ለምን ሳትጠይቀኝ ቆጠርከኝ?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ያን ጊዜ ነው በሩ ጋ እንደነበርኩ የገባው። ብጠየቅ እሺ ልለው እንደምችልም የገባው መሰለኝ፤ እኔ ግን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፣ ለሱም አልነገርኩትም።

«የአምስቱን ካርድ ስጠኝ» አለ። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ከኔ ነበር የሚገዛው፤ በደቂቃውም እንደሌላው ይጣላኝ ነበር።

መሬቱ አሁን ሞልቷል ሊባል ነው። መኮንንም እዚያ ነው። ያኔ አርቄ አይቼ ነበር ብዬ አልኮራም። አላየሁም። እኔም በሚመጣው ዓመት ልገባ ነበር፤ በየዓመቱ። መሬቱን ያዩት እትዬ አስካለ ናቸው። እኔ ያየሁት እጄን ብቻ ነው።

ትናንት ተስፋዬን መልሼ ደወልኩለት። ከኋላው የሣር ማጨጃው ይጮሃል።

«ጨጓራውን አውጣው» አልኩት። «ወገቡንም።»

«ጋሼ በናትህ። "ያለ ምክንያት ቀሩ" ብዬ ልጻፍ?»

«ምክንያት ነበረኝ። ቆጠሩኝ እንጂ አልጠየቁኝም።»

ማጨጃውን አጠፋው። «እውነቱን ልንገርህ?» አለኝ። «አንተ ብትታመም ለኔም ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ በየለቅሶው "ያን ድምፅ የቆረጠው የዚህ ልጅ እጅ ነው" ይሉኛል። አንተ ታመሃል ከተባለ፣ የሁለታችንም ነገር የእግዜር ሥራ ሆኖ ያልፋል።»

«አንተን ማን አስገደደህ?»

«ማንም። እኔንማ ጠየቁኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝና "ተስፋዬ፣ አንተስ?" አሉኝ።»

«እና?»

«እና የመሰለኝን አደረግሁ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ሁለታችንም ጤነኛ ነበርን። እንዲያው ጻፈው።»

ወረቀት ሲያንኮሻኩሽ ሰማሁት። ቀስ እያለ እየጻፈ አነበበልኝ። «"አቶ ሰይድ ስብሰባው መኖሩን ያውቁ ነበር። ጤነኛ ነበሩ። ሱቃቸውን ከፍተው ተቀመጡ፤ አልመጡም።" ቀጥሎ ምን ልበል ጋሼ?»

«አራት ነጥብ አድርግበት» አልኩት።